በጣና ላይ የተሟሸው መስታወት

ከጉዞዬ ከተመለስኩ ወዲህ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አብረውኝ የሚሠሩት «እስቲ ስለ ጣና ንገሪን» ሲሉኝ የምነግራቸው ስለ አንድ ምድጃ ነው። ቅር ሲላቸው አያለሁ። ስለ ገዳማቱ የጻፈ ብዙ ሰው አለ፤ ስለ ጉማሬውም እንዲሁ። እኔ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ ባሕር ዳር ድረስ የሄድኩት ለምድጃው ስለሆነ የምጽፈውም እሱኑ ነው።

ታናሽ እህቴ ይርገዱ በአንድ ጀልባ ላይ ወጥ ሠሪ ናት። ጀልባው ወንበር ብቻ የተደረደረበት ዓይነት አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ ማብሰያና ማደሪያ አለው። ባለቤቱ አቶ ዳምጤ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ ገዙት። ምድጃውም አብሮት መጣ። ጥቁር፣ ለጥ ያለ መስታወት ነው። እሳቱ ከመስታወቱ ሥር ተከድኖ በናፍጣ ይነዳል፣ ጭሱ በቧንቧ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ድስቱ መስታወቱ ላይ ይቀመጣል። ይርገዱ መጀመሪያ በስልክ ስትነግረኝ የቀለደች መስሎኝ ነበር።

በጥር ወር መጀመሪያ ላይ ግን ድምጿ ቀልድ አልነበረበትም።

«እታበባ፣ መስታወቱ እየጨሰ አላስቀምጥ አለኝ። ጋሼ ዳምጤ ነቅዬ እጥለዋለሁ እያሉ ነው። የከሰል ማንደጃ ገዝተዋል።»

«የት ሊያስቀምጡት?»

«እዚያው ውስጥ ነዋ፤ እኔ የምተኛበት።»

«እምቢ በያቸዋ!»

«እምቢ ካልኩ ሌላ ሴት ያስገባሉ። የሚቀጥለው እሑድ ካህናት ይዘን ወደ ገዳም እንሄዳለን። እስከዚያ ካልተስተካከለ ይነቀላል።»

የደብረ ማርቆስ ሰው ከሰልን ያውቃል። ብርዳችን ያስተማረን ነገር ነው። አንዲት ጎረቤታችን ማንደጃዋን ወደ ቤት አስገብታ፣ በሯን ዘግታ ተኛች፤ በማግሥቱ በሩን ከሰበሩት ሰዎች መካከል አንዷ እኔ ነበርኩ። ፊቷ የተኛ ሰው ፊት ነበር። ይርገዱ ከደወለችልኝ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየደወልኩ «ሃሎ» ስትል ብቻ ሰምቼ ሥራዬን እጀምር ነበር። እሷ «ምነው በጠዋቱ?» ትላለች። እኔም «ምንም፤ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» እላለሁ። ከዚያ ፈቃድ ጠየቅሁ።

ሐሙስ

የያዝኩት ዕቃ ጥቂት ነው፦ አንድ ጠርሙስ አቼቶ፣ ያልተከፈቱ ምላጮች፣ ከአሮጌ አንሶላ የቀደድኳቸው ጨርቆች፣ መዝገበ ቃላቴ። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስገቡበት ዕድሜ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛን ያለ መዝገበ ቃላት አላምነውም።

ከመናኸሪያው በጊዜ ወጣን። አማኑኤልን አልፈን ደምበጫ እስክንደርስ ሁሉም ሰላም ነበር። ከደምበጫ በኋላ አውቶቡሱ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የአቼቶው ክዳን ተስፈነጠረ። ከቦርሳዬ ወርዶ አጠገቤ የተቀመጡትን ቄስ ጋቢ አራሰው።

«ኧረ ሰላጣ የጫነው ማነው?» አለ ከኋላ አንዱ።

«መስኮት ክፈቱ! ዓይኔን!» አለች ሌላዋ።

እኔ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ቄሱ ጋቢያቸውን ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አድርገው አሸተቱ።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«አቼቶ ነው አባ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ለወጥ ነው?»

«የለም፤ መስታወት ለማጽዳት ነው።»

«እንግዲያስ ጋቢዬም ይጠራል» አሉና እርጥቡን ጫፍ ወደ መስኮቱ አዙረው ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

ቡሬ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ። ሾፌሩ ወርዶ አየው፣ ረዳቱ ወርዶ አየው፣ ከዚያ ተሳፋሪው ሁሉ በየተራ ወርዶ አየው። ጉልበት ያላቸው የጭነት መኪና እየለመኑ ሄዱ። እኔ ከተማ ገብቼ አልጋ ለመያዝ ሳስብ፣ ከኋላዬ ተቀምጠው የነበሩት ወይዘሮ ጠጄ ክንዴን ያዙኝ።

«ወዴት ነሽ?»

«ሆቴል ልፈልግ ነው።»

«ሴት ልጅ ብቻዋን ሆቴል! እኔ ቡሬ ቤት እያለኝ? ነይ ወዲህ።»

ቤታቸው ከመንገዱ ብዙ አይርቅም። ያበሉኝ የድንች ወጥ ነው። የቡሬ በርበሬ ዝናው ማርቆስም ደርሷል፤ እኛ ዘንድ ሲመጣ ግን የተለዘበ ነው። እዚያው ከምንጩ ሲበሉት ጆሮ ያግላል። እንባዬ ሲወርድ አይተው «አልቅሺ፣ ደግ ነው፤ ያንን አቼቶሽን አስታውሰሽ ነው» አሉኝ። አልጋቸውን ለቀቁልኝና ራሳቸው መደቡ ላይ ተኙ። ብለምናቸው፣ ብቆጣቸው አልሰሙኝም።

ከመተኛታችን በፊት ስለ ምድጃው ነገርኳቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ «ከእንጨት በተሠራ ጀልባ ላይ እሳት፣ እሳቱ ላይ መስታወት፣ መስታወቱ ላይ ድስት። ሰው መኖሪያ ምድር አጥቶ ነው?» አሉ።

ዓርብ

ጠዋት ከጓሮ ሎሚ አርግፈው ቦርሳዬን ሞሉት። «አቼቶው ከሄደ ይኼ ይተካው» አሉ። ይህን ያህል ሎሚ ለምን ይሆናል ብዬ ነበር፤ በኋላ አንዱም አልተረፈኝም።

ሌላ አውቶቡስ አግኝቼ በዳንግላ በኩል ቀን ላይ ባሕር ዳር ገባሁ። በማርቆስ ጋቢ የሚያስደርብ ጥር እዚህ ሹራብ ያስወልቃል። ሴቱም ወንዱም ብስክሌት ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ ዳገቱ ብስክሌተኛን ቶሎ እግረኛ ያደርገዋል። ዓርብ ሆኖ ሳለ በየምግብ ቤቱ ደጅ ዓሣ ሲጠበስ ሳይ ፊቴን አዞርኩ። ልትቀበለኝ የመጣችው ይርገዱ ሳቀችብኝ። እሷ ራሷ ግን ያቀረበችልኝ ሽሮ ነው።

ጀልባው ከዳር ታስሯል። በጠባብ መሰላል ወደ ሆዱ ወረድን። ገና ሳልቀመጥ አንድ ሽታ ተቀበለኝ። ጭስ ነው፣ ናፍጣም አለበት፤ ከሥሩ ግን ከልጅነቴ የማውቀው፣ ካደግንበት ከይጁቤው ቤታችን የማውቀው ሽታ አለ። ወደ ምድጃው ተጠጋሁ። መስታወቱ ጥቁር ቢሆንም ጥቁረቱ የራሱ አይደለም። እንደ አሮጌ ድስት ቂጥ የጋገረ፣ የሚያጣብቅ ቅርፊት ለብሷል።

«ይርገዱ፣ ጎመን ዘር ቀብተሽዋል?»

«ታዲያስ!» አለች፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ። «አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ ሥራ ይጀመርበታል?»

«ስንት ጊዜ ቀባሽው?»

«በጨሰ ቁጥር። አልጠግብ ብሎኝ እኮ ነው! ይኼን ያህል የጠጣ ምጣድ በዕድሜዬ አላየሁም።»

መሳቅ አልነበረብኝም፤ ሳቅሁ። እሷም ተቀየመች። እጇን ይዤ አስቀመጥኳትና ነገርኳት። ሸክላ ቀዳዳ አለው፤ ቅባቱን ይጠጣል፣ ጠጥቶም ይለሰልሳል። መስታወት ግን ምንም አይጠጣም። የቀቡት ሁሉ ላዩ ላይ ቀርቶ ይቃጠላል። ስለዚህ ጨሰ፤ ስለጨሰ ጨመረችበት፤ ስለጨመረችበት ባሰው። ቅርፊቱን ለማስለቀቅ ደግሞ ከዳር አሸዋ አምጥታ ፈትጋዋለች።

«እናታችን ያስተማረችኝ እንዲህ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«እናታችን መቼ መስታወት አሟሸች?»

አሁን እሷም ሳቀች።

አቶ ዳምጤ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ድምፃቸው ከሞተራቸው አያንስም።

«ከማርቆስ መምህርት መጣች አሉኝ! የምድጃ ትምህርት ቤት ከፈታችሁ እንዴ?»

«ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው» አልኳቸው።

«ጥሩ ነው፤ መጽሐፍ አይጨስም።» ከኋላቸው አዲሱን ማንደጃ አንጠልጥለው ነበር። አጠገቤ አስቀመጡት። «እሑድ ይኼ መስታወት ካህናቱ ፊት ቢያጨስብኝ እዚያው ነቅዬ ይኼን እተክላለሁ። ከሰል የማይችል ሴት የለም።»

«ከሰሉ እዚህ ውስጥ ሰው ይገድላል፣ ጋሼ።»

«መስኮት አለ።»

«ሲበርዳት ትዘጋዋለች። ሁሉም ይዘጋዋል።»

የምድጃው መመሪያ የት እንዳለ ጠየቅኋቸው። ከወንበሩ ሥር፣ በላስቲክ እንደተጠቀለለ አወጡልኝ። ላስቲኩ ተፈትቶ አያውቅም። ብርሃን እስኪያልቅ ከመዝገበ ቃላቴ ጋር አነበብኩት።

ቅዳሜ

መጀመሪያ ስንጥቅ ፈለግን። የተሰነጠቀ መስታወት ከቶ አይለኮስም፤ የፈሰሰው ነገር በስንጥቁ ወደ እሳቱ ይወርዳል። ጥፍራችንን ቅርፊት በሌለበት ሁሉ አንሸራተትን። የአሸዋው ጭረት አለ፤ ስንጥቅ ግን የለም። ይርገዱ አማተበች።

ከዚያ ማጽዳት። መስታወቱ ፍጹም ቀዝቃዛ መሆኑን በእጄ ጀርባ አየሁ። ጨርቆቹን በሳሙናና በሞቀ ውሃ ነክረን ጨምቀን፣ የሎሚ ጭማቂ አፍስሰንባቸው፣ ቅርፊቱ ላይ አንጥፈን ተውነው። እስኪለሰልስ ጊዜ ይፈልጋል። ይርገዱ ትዕግሥት አጥታ በየደቂቃው ጫፉን ታነሣለች፤ እኔም በየደቂቃው እመልሰዋለሁ። ሲለሰልስ ምላጩን ጋደም አድርጌ፣ ልቆርጥ ሳይሆን ልገፋ፣ አሳየኋት። ምላጭ ከቆመ መስታወት ይጭራል፤ ከተኛ ቅርፊቱን ብቻ ያነሣል። ያለ እጀታ አያያዙ ግን አስፈሪ ነው። ይርገዱ ከቀርከሃ ቁራጭ ሰንጥቃ፣ ምላጩን አስገብታ በሽቦ አሰረችው። ከዚያ በኋላ እኔ ሎሚ ቆራጭ ሆንኩ፤ የገፋችው እሷ ናት። ጎመን ዘሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተነሣ ወጣ። ከሥሩ የወጣው መስታወት ፊታችንን አሳየን።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ነበር?» አለች።

ቢሆንም ለሙከራ ስንለኩሰው ጨሰ። ቅባት የለም፣ ቅርፊት የለም፣ ጭሱ ግን ከምድጃው ጎን ወደ ውስጥ ይመለሳል። አጥፍተን መስኮቱን ሁሉ ከፈትን። ቧንቧውን በእጄ እየተከተልኩ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ በጀልባው ጎን፣ መጨረሻው ላይ፣ ቀዳዳው በጆንያ ቁራጭ ተወትፏል።

«ማነው ይኼን ያደረገው?»

አቶ ዳምጤ ገመድ እየጠቀለሉ ነበር። እጃቸው ቆመ። «ማዕበሉ ውሃ እንዳያስገባብኝ...» አሉ። ራሳቸው ጎንበስ ብለው ጆንያውን ነቀሉ። ለማዕበል የተሠራ ክዳን ከመመሪያው ጋር በላስቲኩ ውስጥ ነበር፤ ጀልባው ሲቆምና ምድጃው ሲጠፋ ብቻ የሚገጠም።

ዳግመኛ ስንለኩሰው መስታወቱ ሥር ፍም የመሰለ ቅላት ታየ፤ ጭስ ግን የለም። ይርገዱ የአገር ቤት ሸክላ ድስቷን አቅርባ ልትጥድ ስትል ያዝኳት። ቂጡ ሻካራና ክብ ነው፤ ይጭረዋል፣ ሙቀቱንም አይቀበልም።

«የት ልጣደው ታዲያ?»

«መሬት ስትወርጂ።»

ድስቱን አቅፋ ቦታ ፈለገችለት። ቂጡ ለጥ ያለ ብረት ድስት መረጥን፤ ሥሩን ደረቅ አድርገን ጠረግነው። ጀልባ ላይ ድስት እስከ አፉ አይሞላም። ዙሪያውን የሚያቅፉት ብረቶች ሳይቆለፉ አይለኮስም። ሲሠራ መስኮቱ ገርበብ ይላል። ሲጠፋም ጭሱን የሚያስወጣው ማራገቢያ እስኪቆም ባትሪው አይቋረጥም፤ አቶ ዳምጤ ባትሪ የሚቆጥቡ መስሏቸው ወዲያው ያቋርጡት ነበር። ይህን ሁሉ ይርገዱን አስደገምኳት።

«ሲግል?»

«ውሃ አይነካውም።»

«ሲቆሽሽ?»

«እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል።»

«ሁልጊዜ?»

«ስኳር ካልሆነ በቀር» አለች። «ስኳር ቀልጦ ከቀዘቀዘ የመስታወቱን ፊት ይዞ ይነሣል። እሳቱ ይጠፋል፣ እጄን አርቄ በትኩሱ እገፋዋለሁ። ደክሞኛል፣ እታበባ። የቅዳሴ ተማሪ አደረግሽኝ እኮ።»

እሑድ

ጎሕ ሲቀድ ካህናቱን ጭነን ተነሣን። ሐይቁ በጠዋት ጸጥ ያለ ነው፤ እንደ ጸዳው መስታወት። ማንደጃው ከኋላ፣ ከአንድ ጆንያ ከሰል ጋር ተቀምጧል። አቶ ዳምጤ አልረሱትም።

ገዳሙ ሴት የማይገባበት ስለሆነ እኔና ይርገዱ ጀልባው ላይ ቀረን። ቅዳሴው ከዛፎቹ መሐል ይሰማናል። በማርቆስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቆሜ የምሰማው ዜማ እዚህ በውሃ ላይ ሲመጣ የቀረበ ይመስላል። ይርገዱ ድንች ልጣ፣ ምስር ለቅማ፣ ወጧን አወጣች። ጭስ የሚባል የለም።

ከቀትር በኋላ ስንመለስ ነፋስ ተነሣ። የጣና ነፋስ እንዲህ መሆኑን ሰምቼ ነበር፤ መስማት ግን ሌላ ነው። ጀልባው መዋዠቅ ጀመረ። ካህናቱ ከላይ ሆነው ሻይ ጠየቁ። ይርገዱ በአገራችን ዝክር እንደሚደረገው ስኳሩን በራዱ ውስጥ ጨምራ አፈላችው፤ ለብዙ ሰው ሲቀርብ ሌላ አሠራር አታውቅም። ይህን አለማሰቤ አሁንም ይቆጨኛል። በራዱ በብረቶቹ ታቅፎ ነበር፤ አልወደቀም። አንድ ማዕበል ከጎን ሲመታን ግን ክዳኑ ተከፍቶ ሻዩ በጋለው መስታወት ላይ ፈሰሰ።

ፍሽሽ አለና ነጭ እንፋሎት ተነሣ፤ ወዲያው የተቃጠለ ስኳር ሽታ ሞላው።

አቶ ዳምጤ መሪውን ለረዳታቸው ሰጥተው በመሰላሉ ወረዱ። «ውሃ! ውሃ ድፊበት!» አሉና ራሳቸው ጆጉን አነሡ።

እኔ ጥግ ላይ ምሰሶ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ምን መደረግ እንዳለበት አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ይህ ቤት የእሷ ነው፤ ነገ እኔ አልኖርም።

ይርገዱ መጀመሪያ እጇን ወደ እርጥቡ ጨርቅ ሰደደች። እጇ አየር ላይ ቀረች። ከዚያ ጨርቁን ትታ እሳቱን አጠፋች፣ በሌላ እጇ የአቶ ዳምጤን ጆግ ገፋች።

«ጋሼ፣ ወደ ኋላ! ውሃ ካገኘው ለሁለት ይከፈላል!»

«እየተቃጠለ እኮ ነው!»

«ይቃጠል። ባትሪውን እንዳይነኩ!»

በራዱን አነሣች። ደረቅ ጨርቅ እጇ ላይ ጠመጠመች፣ የቀርከሃ እጀታዋን ያዘች፣ እግሮቿን ከፈት አድርጋ ከጀልባው ጋር እየተወዛወዘች ገፋች። ስኳሩ ጥቁር ቀይ ሆኖ እንደ ማስቲካ ይሳብ ነበር። ምላጩን አንድ ጊዜም አላቆመችውም። ከላይ አንድ ቄስ «ልጆች፣ ሻዩ ቀረ እንዴ?» አሉ።

«ይመጣል አባቶቼ! ጣና ቀድሞ ጠጣው!» አለች፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳታነሣ።

ማራገቢያው ሲንሾካሾክ ቆይቶ ቆመ። የምድጃው ቀይ መብራት እስኪጠፋ ጠበቅን። እጇን ጠጋ አድርጋ መቀዝቀዙን ካረጋገጠች በኋላ በጨርቅና በመጨረሻው ሎሚ ጠረገችው። አቶ ዳምጤ ጣታቸውን ከዳር እስከ ዳር አንሸራትተው ጣታቸውን አዩት። ንጹሕ ነበር።

«ስገዛው እንዲህ ነበር እንዴ?»

«እንዲህ ነበር» አለች ይርገዱ። «እኔ ነኝ ያሟሸሁት።»

«እኔም ነኝ የወተፍኩት» አሉና ወደ መሪያቸው ወጡ።

ነፋሱ ሲረግብ ሻዩ እንደገና ተፈላ። ስኳሩ በዚህ ጊዜ በየብርጭቆው ቀረበ። አቶ ዳምጤ ዳር ስንደርስ ማንደጃውን በእግራቸው ነካ አድርገው «ይኼን ምን ላድርገው?» አሉ።

«ለእኔ ይስጡኝ» አልኳቸው።

ሰኞ

ማንደጃ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ወደ አገሬ ተመለስኩ። የአውቶቡሱ ረዳት ሳይቀልድብኝ አላለፈም።

«እናቴ፣ ማርቆስ ማንደጃ ጠፋ እንዴ?»

«አልጠፋም። ይኼኛው ግን ከአንድ ቤት መውጣት ነበረበት።»

ለምሳ ቡሬ ስንቆም ወደ ወይዘሮ ጠጄ ሮጥኩ። ሎሚያቸው የሠራውን ሁሉ ነገርኳቸው። ጎመን ዘሩ ላይ ስደርስ አልሳቁም።

«ታዲያ ሳይሟሽ እንዴት ይሆናል?» አሉ። «እኔም ብሆን አሟሸው ነበር።»

ማንደጃው አሁን በረንዳዬ ላይ ነው። ምንም ብርድ ቢሆን ደጃፉን አልፎ አይገባም። ጠዋት ጠዋት ከእሱ አጠገብ አልፌ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ ስልኬም ቦርሳዬ ውስጥ ይቆያል። ባለፈው ሳምንት ይርገዱ ራሷ ደወለች፤ ተቀይማለች።

«ጠዋት መደወል ተውሽ» አለችኝ። «ረሳሽኝ እንዴ?»